ለሚስቴ የተተከለ ድንኳን

እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነኝ ያለ ሰው ቁጡ ነኝ ማለቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከባጃጅ ጋር ሲጋፋ፣ ከትራፊክ ጋር ሲጨቃጨቅ፣ ከፈረስ ጋር ሲያወራ የሚውል ሰው ትዕግሥት ከየት ያመጣል? ድሮ ከመናኸሪያ ወርዶ ወደ ገበያው፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄደው ሰው ሁሉ የኛ ነበር። ሙሽራ ጭነናል፤ ምጥ የያዛት ሴትም ጭነናል። ከዚያ ባጃጅ መጣና ሰው ሰውን ለቅሞ ወሰደብን፤ ለኛ ጆንያው ቀረልን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አስፋልቱን አትርገጡ» ተባልን። ይኸው እኔም ፈረሴም ውስጥ ውስጡን፣ በድንጋዩና በጭቃው ነው የምንሄደው።

ገበያው ቀዝቀዝ ሲልብኝ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሚስቴ ናት። የተወለደችው በእንጅባራ በኩል፣ ደጋው ላይ ነው። አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛን ያጣራችው እኔን አግብታ ዳንግላ ከገባች በኋላ ነው። በየሳምንቱ በሚኒባስ እንጅባራ ትወጣለች፣ እህቷ ቤት ታድራለች፣ የደጋውን ድንች ከገበሬው እጅ ትገዛለች፣ አስጭና ትመጣለች። እኔ ከመናኸሪያ ጆንያውን ተቀብዬ ገበያ አደርስላታለሁ። ድንቿ ደግሞ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሴቶቹ ገና ጋሪዬን ሲያዩ «የሷ ነው?» እያሉ ይከቡኛል። እኔን «እንዴት ዋልክ» የሚለኝ የለም።

ይሄ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ጀመር። ጋሪ ማቆሚያው ላይ ጓደኞቼ «አንተማ ምን አለብህ፣ የምታበላህ ሚስት አለችህ» እያሉ ይተርቡኛል። ለቀልድ ነው፤ እኔም በነሱ ላይ ስንት ተርቤያለሁ። ግን ቀልዱን ይዤ ቤት ስገባ ቀልድነቱ ይጠፋል። አንድ ሰኞ ጧት፣ እሷ ጆንያዎቿን አጣጥፋ ልትወጣ ስትል፣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቁጣ አነቀኝ።

«የኔ ጋሪ መቼ አስራበሽ?» አልኳት።

«ማን ራበኝ አለህ?» አለችኝ፣ ጆንያዋን እያጣጠፈች።

«እንግዲያው ቁጭ በይ!»

«ድንቹ ቁጭ ብሎ አይመጣም።»

እንዲህ ናት። ረጋ ብላ የምትመልሳት መልስ ከጥፊ ትብሳለች። ያን ጊዜ ነው ምላሴን ይቁረጠውና የማይባል ነገር ያልኩት፦ «ከሄድሽ እዛው ቅሪ! ድንችሽን አቅፈሽ ኑሪ!»

ነጠላዋን አጣፋች፣ ወጣች። ሁልጊዜ መናኸሪያ የማደርሳት እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ፈረሱን ሳልጭን ተኮፍሼ ቀረሁ። በኋላ ወደ ገበያ ስወርድ አጠገቤ ሽው ብላ አለፈች፤ በባጃጅ! የጋሪ ነጂ ሚስት፣ ከተማ እያያት፣ በባጃጅ! ደሜ ፈላ። ፊቴን አዞርኩ።

መመለሻዋ ረቡዕ ነበር። ረቡዕ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ እንግዲህ ሁላችንም ለምደነዋል፤ ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ውስጥ ተደርድረው ይተኛሉ፣ ሾፌሮቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ብቻ ትጠቀማለች። በዚያው ቀን ኔትወርክም ጠፋ። ሐሙስ መጣ፣ እሷ የለችም። አርብም የለችም። በሁለተኛው ቀን ቁጣዬ በኖ ጠፋ፤ በሦስተኛው ቀን እህል አልወርድ አለኝ። መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ከእንጅባራ በኩል የመጣ ሰው ካለ እጠይቃለሁ፤ በእግሩ ቆራርጦ የመጣ አንድ ሰው «ከአዲስ ቅዳም ወዲያ አንድ ሚኒባስ ተገልብጧል ሲሉ ሰማሁ» አለኝ። አይተሃል? አላየም። መቼ? አያውቅም። ሰው ሞቷል? «እንዴት ይቀራል ብለህ ነው» ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለውን ሰው አንገቱን ነበር ማነቅ።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ገና ሲነጋጋ፣ የፈረሱን ጭድ ታቅፌ ወደ ደጅ ወጣሁ። አጥሬ በር ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው የንስሐ አባታችን። ሦስተኛው በሚስቴ በኩል ዘመድ የሆኑ፣ እዚሁ ከተማ የሚኖሩ አንድ አዛውንት። ሦስቱም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ያላወቀ ሰው አይገባውም። በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። ዘመድ የሞተበትን ሰው ቀኑን ሙሉ እያዩት፣ አብረውት ሻይ እየጠጡ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ እየሳቁለት ይውላሉ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሦስትም አራትም ሽማግሌ ሆነው ደጁ ላይ ይቆማሉ። ለስንት ሰው እኔ ራሴ እንዲያ ሆኜ ቆሜያለሁ። በሩን የከፈተው ሰው ቃል አይጠብቅም፤ የቆሙትን ሰዎች ሲያይ ያውቀዋል።

«እንደምን አደርክ?» አሉኝ ዳኛው። ድምፃቸው ዝግ ብሏል። «እስቲ ወደ ውስጥ እንግባና ቁጭ በል። የመጣነው ስለ ባለቤትህ ነው።»

ጭዱ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል። ጮህኩ። «እኔ ነኝ የገደልኳት!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። «እዛው ቅሪ ብዬ በገዛ አፌ! እኔ ነኝ!» ሽማግሌዎቹ ክው ብለው ቀሩ። ከዚያ የሚስቴ ዘመድ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው «ወይኔ ልጄን!» ብለው ተንሰቀሰቁ፤ ዳኛውም «ትናንት መምጣት ነበረብን፣ ዘገየን፣ ዘገየን» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፉ። ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ በአጥር ዘሎ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ጥሩንባ ሰፈሩን ሲዞር ሰማሁት።

አገሩ ሁሉ መጣ። ጋሪ ነጂ ጓደኞቼ፣ እነዚያ ሲተርቡኝ የሚውሉት፣ ሥራቸውን ጥለው መጡ። «የምታበላህ ሚስት» ያለኝ ሰውዬ ከሁሉም በላይ አለቀሰ፤ አጥሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን ነው የተንፈቀፈቀው። የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ከመጋዘን ያመጡት በማን ጋሪ መሰላችሁ? በኔ ጋሪ። የሚስቴን ድንኳን የራሴ ፈረስ ጎትቶ አመጣው። ባጃጆቹም መጡ። ለአንድ ተሳፋሪ ስንት ጊዜ አንገት ለአንገት ተናንቀናል፤ ያን ቀን ግን አሮጊቶቹን በነፃ እያመላለሱ ደጄ ድረስ አደረሱልኝ። ከታች ያለችው ጎረቤታችን፣ የፕሮቴስታንቶቹ ጉባኤ የምትሄደው፣ በለቅሶው ሥርዓት ባትገባም ጎንበስ ብላ ንፍሮ ስትቀቅል አየኋት። ሚስቴ ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነበራት፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት እያልኩ እንደገና እጮሃለሁ።

ልጆቻችን ባህር ዳር ናቸው። «ለነሱ እንዴት ይነገር?» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ስልክ ሞከሩ፣ ኔትወርክ የለም። በዚህ ከተማ ኔትወርክ በመጥፋቱ እግዜርን ያመሰገነ ሰው ካለ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያመሰገንኩት ግን በኋላ ነው።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ለቅሶው ትንሽ ጋብ አለ። የእድሩ ዳኛ አጠገቤ መጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ዳኛ የሆነ ሰው ሐዘን ቢሆንም ሥራ አለበት፤ መቃብር ያስቆፍራል፣ መኪና ያዛል።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «አይዞህ፣ በርታ። መቼም የግድ ነውና ልጠይቅህ። ሬሳዋ የት ነው ያረፈው? እንጅባራ ነው ወይስ አዲስ ቅዳም? መንገዱ ጧት ተከፍቷል ብለዋል፤ መኪና እንላክ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። «እርስዎ ያውቁ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«እኔ ከየት አውቄ?»

«ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?»

«አንተ ነሃ! አንተ አይደለህ የሰማኸው?»

«እኔ ምን ሰማሁ? የነገራችሁኝ እናንተ!»

«እኛ?» አሉ ዳኛው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወደ ንስሐ አባቴ ዞሩ። «አባ፣ እኛ ነግረነዋል?»

ንፍሮ የሚያኝከው ሰው እንኳ ማኘኩን አቆመ።

የንስሐ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «እኛ የመጣነው» አሉ፣ «ልናስታርቃችሁ ነበር። ሰኞ ዕለት ከመሄዷ በፊት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ‹እኔ በሌለሁበት አናግሩልኝ፣ እኔ ካለሁማ ይኮራል› አለች። ልጃቸውም ናትና እኒህን አዛውንት ጨመርን። ወደ ሥራ ሳትወጣ እናግኝህ ብለን ነው በማለዳ የመጣነው። አንተ ስሟ ገና ሲነሳ ስትጮህ ጊዜ፣ መናኸሪያ ውሎህ ነውና ከሾፌሮች ሰምተሃል ብለን… ማን ደፍሮ ያለቀሰን ሰው ይጠይቃል?»

ልክ ናቸው። የሚያለቅስን ሰው ማን ነገረህ ብሎ የሚጠይቅ በኛ አገር የለም። መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ከዚያ ይጠየቃል። ከተማው በሞላ እርስ በርሱ እየተያየ አልቅሷል እንጂ አንድም ሰው የሰማ የለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? አላለኝም። የተገለበጠው ሚኒባስስ? አልሞተችም ያለኝም እኮ የለም። ለቅሶ ላይ ሳለሁ ቢያንስ ነገሩ አልቆ ነበር፤ አሁን ተስፋው መጣና አንጀቴን ይበላው ገባ። «ፈረሴን አምጡልኝ» አልኩ። «እሄዳለሁ። በእግሬም ቢሆን እንጅባራ እሄዳለሁ።» ባጃጅ ነጂዎቹ «እኛ እናደርስሃለን» አሉ። ባጃጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ላይ ቆንጆ ሆኖ ታየኝ።

ነጠላዬን እየደረብኩ ሳለ ነው ያን ድምፅ የሰማሁት። ከመንገዱ መታጠፊያ የሚመጣ የሴት ዋይታ። በአገውኛ ነው።

ሚስቴ ነገሩን በኋላ ነገረችኝ። መንገድ ሲዘጋ አዲስ ቅዳም ላይ ቀርታ ዘመድ ቤት ነበረች። ቅዳሜ ጧት መንገድ ሲከፈት፣ ሚኒባስ ስላልተነሳ፣ ከሰል በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፈረች። ዳንግላ ስትወርድ አንድ ባጃጅ የለም፣ አንድ ጋሪ የለም። ጆንያዎቿን መናኸሪያው ሻይ ቤት ደጅ ጥላ «ይሄ ሰው ሁሉ ምን በላው?» እያለች በእግሯ መጣች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ በገዛ ግቢዋ ውስጥ ድንኳን አየች። እዚያ ግቢ ውስጥ ከሷ ሌላ የሚኖር ማን ነው? እኔ ነኝ።

ገባች። የፊቷ ግማሽ በከሰል ጠቁሯል፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃለች። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች «በስመ አብ!» ብለው ግራና ቀኝ ተበተኑ፤ አንዷ አጥሩ ላይ ወደቀች። እሷ ማንንም አላየችም። ደረቷን እየመታች ግቢው መሃል ቆማ ሙሾ ታወርድልኝ ጀመር።

ሚስቴ ሲከፋት አማርኛዋ ይጠፋል። ከዚያ ሰው ውስጥ ግማሹ የምትለውን አይሰማም። እኔ ግን ስንት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ቃል በቃል ሰማሁት። ቁጡዬ፣ አለች። ከእንግዲህ ማን ሊቆጣኝ ነው? በባጃጅ የሄድኩት ላናድድህ ነበር፣ ዞሬ አይቼህ ነበር፣ አንተ ፊትህን አዞርክብኝ። ድንቹን የምነግደው አንተ ጆንያ ስትሸከም ወገብህ እንዳይቆረጥ ብዬ ነበር፣ አልገባህ አለ። ለፈረስህ ከእንጅባራ ልጓም ገዝቼልህ መጣሁ፣ ለማን ልስጠው? ገና በልጅነቴ፣ አማርኛ ሳልችል፣ ሳይስቅብኝ ያስተማረኝ ሰው፣ ብላ ተንበረከከች።

ይሄን አንድ ቀን በአማርኛ ብላኝ አታውቅም። እኔም በየትኛውም ቋንቋ ብያት አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ የራሴን ለቅሶ አደመጥኩ። መውጣት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ትንሽ ብትጨምር ብዬ ነው የዘገየሁት።

ከድንኳኑ ወጣሁ። ቀና ስትል አየችኝ። አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«አለህ?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«አለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ድንኳኑን አየች። ሰዉን አየች። «ታዲያ ይሄ ድንኳን የማን ነው?»

የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መሬት አዩ። «ያንቺ ነው፣ ልጄ» አሉ።

መጀመሪያ የሳቀው ያ ሲተርበኝ የነበረው ጓደኛዬ ነው፤ እንባው ገና አልደረቀም። ከዚያ ሳቁን የያዘ አልነበረም። ሴቶቹ እልል አሉ፣ የሚስቴ ዘመድ እየሳቁ አለቀሱ። እሷ ግን አልሳቀችም። ተነሥታ መጥታ በጡጫ ደረቴን ደቃችኝ። «ገድለህ ቀበርከኝ? ሦስት ቀን ጠፋሁ ብለህ ገድለህ ቀበርከኝ?» እያለች ትደቃኛለች። እኔ ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በጋሪ ነጂዎቹም በባጃጆቹም ፊት፣ «ይቅር በይኝ» አልኳት። ይቅር አለችኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ደቅታኝ። የንስሐ አባቴ «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ ያለ እኛ አለቀ» አሉና እዚያው አሳረጉ። እፎይ! እንደዚያ ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላውቅም። ንፍሮው በሳቅ ተበላ፤ ከሻይ ቤቱ ደጅ የመጣውም ድንች ተቀቅሎ ተጨመረበት።

ከቀትር በኋላ ሰዉ ተበተነ። ጓደኞቼ ድንኳኑን ነቅለው ጫኑት። አንድ አግዳሚ ወንበር ረስተው ስለሄዱ እሱ ላይ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊቷን ታጥባ ነበር፤ ከሰሉ ግን ጆሮዋ ሥር ቀርቷል።

«እኔ ያልኩትን ሰምተሃል» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ምን እያልክ አለቀስክልኝ?»

«ምን እላለሁ፣ እንዲሁ ጮህኩ እንጂ።»

«ሂድ፣ ውሸታም። የኔን ሰምተህ ያንተን ልትደብቀኝ ነው? ንገረኝ።»

አፈርኩ። ጎረቤት እንዳይሰማ አጥሩን ገልመጥ አደረግሁ። ከዚያ አንድ ነገር ነገርኳት። እሱን ስጨርስ «ሌላስ?» አለችኝ። ሌላም ነገርኳት። «ሌላስ?» አለች። ለቅሶው ላይ ያላልኩትንም ጨመርኩበት። ፀሐይዋ ወደ ማታ ዘወር እስክትል «ሌላስ?» ማለቷን አልተወችም፤ እኔም አላለቀብኝም።